ሰመር ወይስ ክረምት? የተተረጎሙ የፎቶ ምክሮች በእኛ ሰማይ ሲፈተኑ

ሰኔ ሲገባ ዝናቡና የምረቃ ፎቶው ተከታትለው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስመርቁት በሰኔና በሐምሌ ነው። ልጃቸው ጋዋን ለብሳ ለማየት ሌሊት ተሳፍረው የሚመጡ ወላጆች አሉ። ከዚያ ቀን የሚተርፈው አንድ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለዓመታት ይሰቀላል። ፎቶው ከተበላሸ ደግሞ ምረቃው አይደገምም።

በዚሁ ሰሞን ስልኮቻችን «በሰመር ምርጥ ፎቶ ለማንሳት የሚረዱ ዘዴዎች» በሚል ዓይነት ምክር ይሞላሉ። አንዳንዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዱ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህ ምክሮች ግምገማ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ አብዛኞቹ ምክሮች ፊዚክሳቸው ልክ ነው። ችግሩ ደንቡን ይሰጡናል እንጂ ምክንያቱን አይነግሩንም። ደንቡ የተጻፈው ደግሞ ለሌላ ሰማይ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሰማዩ ሲለወጥ ደንቡን መቀየር አይችልም።

ለፍትሕ ያህል ደህናዎቹን ላስቀድም። «ሌንሱን ጥረጉ»፣ «ወደ ሰውየው ቀረብ በሉ»፣ «ከጀርባ ያለውን ነገር ተመልከቱ» የሚሉት የትም አገር ይሠራሉ። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ብርሃኑን ስለሚበትነው ስቶክሆልምም ሆነ ሆሳዕና ፎቶውን ያደበዝዛል። ጥያቄዬ ያለው ከሰማይና ከፀሐይ ጋር በተያያዙት ላይ ነው።

የቃሉና የሰዓቱ ጣጣ

የመጀመሪያው እንቅፋት ትርጉሙ ነው። «ሰመር» ብዙ ጊዜ «በጋ» ተብሎ ይተረጎማል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ሰመር የሚሉት ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ በደጋውና በመሃል አገሩ ይህ ክረምት ነው። ስለዚህ «በበጋ ደማቅ ፀሐይ ስለሚኖር…» ብሎ የሚጀምር ምክር ሰኔ ላይ ሲደርሰን ከተከፈተ ጃንጥላ ሥር ቆመን እናነበዋለን። ኢትዮጵያም ብትሆን አንድ ሰማይ ብቻ የላትም። ጎዴ ዋናው ዝናብ በጸደይና በመኸር ይመጣል፤ ሰመራ ደግሞ ሰኔ ላይ ይጠብሳል። እዚህ በዋናነት የማወራው ክረምቱ ስለሚከብድበት፣ አዲስ አበባን ስለመሰለ ደጋ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓቱ ነው፣ ይሄኛው ያስቃልም። የተለመደው ምክር «ከ10 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አታንሱ፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው» ይላል። ጸሐፊው ያሰበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ማለት ነው። ቁጥሩ ሳይቀየር ከተተረጎመ ግን የእኛ አንባቢ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ፎቶ አታንሱ እንደተባለ ይረዳል። ይህ የምክሩ ፍጹም ተቃራኒ ነው! የማለዳውንና የማታውን ለስላሳ ብርሃን ከልክሎ፣ አናት የሚበሳውን የቀትር ፀሐይ ይፈቅድልናል። አንድ ሰው ስድስት ሰዓት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ኖሮ ችግሩ አይኖርም ነበር።

ወርቃማው ሰዓት እኛ ጋ ስንት ደቂቃ ነው?

በሁሉም የምክር ዝርዝር ውስጥ የማይቀር ነገር ቢኖር «ወርቃማው ሰዓት» ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ በፊት ያለው ወርቅማ ቀለም ያለው ብርሃን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ በረጅም የአየር መንገድ ውስጥ ያልፋል፣ ሰማያዊው ክፍል በመንገድ ላይ ይበተናል፣ ቢጫና ቀዩ ይደርሰናል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣም ዓይን ሥር ጥላ አይሠራም። እስከዚህ ምክሩ ልክ ነው።

«ሰዓት» የሚለው ስም ግን እኛን ያታልላል። ወርቃማውን ብርሃን ፀሐይ ከአድማስ በላይ ከ6 ዲግሪ እስከ 0 ዲግሪ ስትወርድ ያለው ጊዜ ነው ብለን እንያዝና በሰኔ አጋማሽ ገደማ፣ ፀሐይ በጣም ወደ ሰሜን በምትሄድበት ቀን እናስላው። ስቶክሆልም ላይ ወደ 66 ደቂቃ ይመጣል። ለንደን ላይ 47 ደቂቃ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን 26 ደቂቃ ብቻ ነው።

ለምን? ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ፀሐይ የምትጠልቀው በጣም ዘንበል ብላ ነው፤ ተዳፋት ላይ በአግድም እንደሚወርድ ሰው አድማሱን እየታከከች ትሄዳለች። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ሰማይ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፤ እኛ ጋ ከዚያ ውስጥ 13 ዲግሪ ተኩል ገደማው ወደ ታች ለመውረድ ይውላል።

አሁን በዚህ ላይ መልክዓ ምድሩን ጨምሩ። በምዕራብ በኩል ተራራ ካለ ፀሐይ 0 ዲግሪ ሳትደርስ ትሰወራለች። ተራራው 3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከ26 ደቂቃው ግማሹ ሄደ ማለት ነው። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ «ማታ ላይ ተረጋግታችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አንሱ» የሚል ምክር ይዞ የወጣ ተመራቂ ጋዋኑን አስተካክሎ ሳይጨርስ ይመሽበታል።

ምክሩን ወደ እኛ ሰማይ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ በክረምት ማለዳ ብዙ ጊዜ ገለጥ ይላል። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። ቦታውን ከዋዜማው መርጣችሁ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ተገኙ። ግማሽ ሰዓት እንኳን የማይሞላ ጊዜ ስላላችሁ የምታነሱትን ቀድማችሁ ወስኑ።

«ቀትር ላይ አታንሱ» የሚለው ደንብ

ይህ ደንብ የቆመው ሰማዩ ጥርት ያለ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ፀሐይ ከመሬት ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፣ በጣም ትንሽ መብራት ማለት ናት። ትንሽ መብራት ጠርዙ የሰላ ጥቁር ጥላ ይሠራል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከላያችን ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጥላውን የሚያለሰልሰው ከአየሩ የተበተነ ብርሃን ስለሚቀንስ ጥላው የበለጠ ይጠቁራል። ስለዚህ በጥር ቀትር ላይ ደንቡ እኛንም ይመለከታል፣ እንዲያውም ከለንደን ሰው ይበልጥ።

ሰኔ ላይ ግን ደመና አለ። ደመና ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትነው ግማሽ ዲግሪ የነበረው መብራት ሰማይን የሚያህል መብራት ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተወጥሮበት በብዙ ብር የሚሸጠው መብራት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በደመናማ ቀን ቀትር ላይ ማንሳት ነውር አይደለም። ምክሩ ይህን ሳይነግረን ቀኑን ሙሉ ካሜራውን እንድናስቀምጥ ያደርገናል።

ይሁን እንጂ ደመናም የራሱ ችግር አለው፣ እሱንም ምክሮቹ ይዘሉታል። ለሕንፃ የቀን ብርሃን ሲሰላ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ የደመናማ ሰማይ ሞዴል አለ። በዚያ ሞዴል ከአናታችን በላይ ያለው ሰማይ ከአድማሱ 3 እጥፍ ይደምቃል። ብርሃኑ ለስላሳ ቢሆንም በብዛት ከላይ ነው የሚመጣው ማለት ነው። በደመናማ ቀን የተነሳ ሰው ዓይኖቹ ጎድጓዳ መስለው የሚታዩት፣ የምረቃ ቆብ ያደረገ ሰው ደግሞ ግንባሩና ዓይኑ የሚጨልመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ከላይ የሚመጣውን መጋረድ ነው። ተመራቂዋ በረንዳ ጠርዝ ሥር፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ትቁም። ጣሪያው የአናቱን ብርሃን ይከልላል፣ የአድማሱ ብርሃን ፊቷ ላይ በቀጥታ ያርፋል፣ ዓይኖቿም ይበራሉ። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ካርቶን ከወገቧ በታች ቢያዝላት ብርሃኑን ከሥር ወደ ላይ ይመልሳል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ነጭ ሰማይ፣ ጥቁር ጋዋን

«ፎቶው ሰፊ ሰማይ ይኑረው» የሚል ምክርም አለ። ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን ያምራል። ክረምት ላይ ግን ሰማዩ ነጭ ነው፣ ከምድሩም በብዙ ይደምቃል።

ካሜራ ትዕይንቱ ምን እንደሆነ አያውቅም። መለኪያው የተሠራው በአማካይ የሚያየው ነገር መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ማለትም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን ያንጸባርቃል በሚለው የቆየ ልማድ ላይ ነው። ነጭ ሰማይ ምስሉን ግማሽ ሲሞላው ካሜራው «ይሄ በጣም በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ሰማዩ ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ግን ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዘመናዊ ስልኮች ፊት ፈልገው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ጥቁር ቆብና ነጭ ሰማይ ሲገናኙባቸው ግን በቀላሉ ይሳሳታሉ።

አሁን የምረቃውን ፎቶ አስቡት። እናት ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ነጭ ጥጥ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል። ልጇ ጥቁር ጋዋን ለብሳለች፤ ጥቁር ጨርቅ የሚመልሰው ከመቶ ጥቂት ብቻ ነው። ከኋላቸው ነጭ ሰማይ አለ። ሦስቱንም ዝርዝራቸው ሳይጠፋ በአንድ ምስል መያዝ ለትንሽ የስልክ ሴንሰር ከባድ ሥራ ነው። ስልኩ «ኤችዲአር» በሚባለው ዘዴ በቅጽበት ብዙ ምስሎችን አንስቶ ያዋህዳል፤ ይረዳል፣ ግን ፊትን አንዳንዴ ጠፍጣፋና አመድማ ያደርገዋል።

እንግዲህ ስሌቱን ለስልኩ አቅልሉለት። መጀመሪያ ሰማዩን ከምስሉ አውጡት፤ ከጀርባ ግንብ፣ ዛፍ ወይም የሕንፃ መግቢያ ይሁን። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ንኩና የሚመጣውን የብርሃን ማስተካከያ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ። የነጠላው ጥለት እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ በኋላ ኤዲት ተደርጎ አይመለስም። ጠቆር ያለውን ግን በመጠኑ ማንሳት ይቻላል።

የብርሃኑ መጠንም ከግምት ይግባ። «በሰመር አይኤስኦ 100 ይበቃል» የሚለው ምክር ለጠራ ፀሐይ ነው። ፎቶ አንሺዎች ከፊልም ዘመን ጀምሮ በሚጠቀሙበት የልምድ ሰንጠረዥ፣ በጠራ ፀሐይ ኤፍ 16 የነበረው የሌንስ ቀዳዳ በከባድ ደመና ኤፍ 5.6 ይሆናል። ይህ 8 እጥፍ የብርሃን ልዩነት ነው። አይኤስኦውን በ100 ከቆለፋችሁትና ቀዳዳው ካልሰፋ፣ ሸተሩ 8 እጥፍ ይዘገያል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶው ይደበዝዛል። ወደ 400 ወይም 800 ከፍ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

ደንቡ የተጻፈው ለማን ቆዳ ነው?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከአየር ንብረት ያልፋል። በቆዩ የፎቶ መጻሕፍት ውስጥ «ብርሃኑን በመዳፍ ወይም በፊት ላይ ለኩና አንድ ደረጃ ጨምሩ» የሚል ደንብ አለ። ደንቡ የሚሠራው ቆዳው ከ18 በመቶው እጥፍ ገደማ ሲያንጸባርቅ ነው፤ ማለትም ለነጣ ያለ ቆዳ። ጠቆር ያለ ፊት ላይ ለክታችሁ አንድ ደረጃ ብትጨምሩ ፊቱ ከሆነው በላይ ይገረጣል። በሌላ በኩል ያው ጠቆር ያለ ፊት ነጭ ሰማይ ፊት ለፊት ትንሽ ሆኖ ከተነሳ ይጨልማል። አንዱ ፊት በሁለት ተቃራኒ መንገድ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። «ለሐበሻ ቆዳ ሁልጊዜ ብርሃን ጨምሩ» የሚለው የአቋራጭ ምክርም በዚሁ ምክንያት አይሠራም።

ታሪኩ የቆየ ነው። ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀለም ፎቶ ማተሚያዎች የሚስተካከሉበት ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስለነበረች «የሸርሊ ካርድ» ተባለ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን ለይቶ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ምርታቸው በማስታወቂያ ፎቶ ላይ በትክክል አይታይም ነበርና። ጉግል በ2021 (እ.ኤ.አ.) ፒክስል 6 ስልኩ ላይ «ሪል ቶን» የሚል የቆዳ ቀለም ማሻሻያ ይዞ መምጣቱ ጉዳዩ በዲጂታሉም ዘመን ገና እንዳላለቀ ይናገራል።

ስለዚህ ፎቶው ሲበላሽ «እኔ ፎቶ አልወጣም» ከማለታችሁ በፊት መለኪያውን ጠይቁ። የመለኪያ መሣሪያ ሁሉ የተስተካከለበት ናሙና አለው። ናሙናው እናንተን ካልጨመረ ስህተቱ የሚፈልቀው ከመሣሪያው ነው። በተግባር የሚረዳው ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን ጉንጭና ግንባር ላይ ሲያንጸባርቅ የፊት ቅርጽ ይወጣል። ቆዳን የሚያነጣና የሚያለሰልስ «ቢዩቲ» የሚባለው አማራጭ በራሱ በርቶ እንደሆነም አረጋግጡ፣ አጥፉትም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የራሷ የልጅቷ ፊት ይሁን።

ከዝርዝሩ የጠፋው ዝናብ

በእነዚህ ምክሮች ውስጥ ዝናብ ሲነሳ «ካሜራችሁን አስገቡ» ለማለት ብቻ ነው። መሣሪያውን መጠበቁ ልክ ነው። ግን ክረምት ለሦስት ወር ካሜራ የሚቆለፍበት ወቅት ከሆነ፣ ግማሽ ኑሯችን ሳይነሳ ይቀራል።

ዝናብ እንዲታይ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ጠቆር ያለ ጀርባ ነው፤ ጠብታ ብርሃን ስለሚመልስ ነጭ ሰማይ ላይ አይታይም፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ ፊት ለፊት ግን ይታያል። ሁለተኛው የሸተር ፍጥነት ነው። ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች በሴኮንድ እስከ 9 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ሸተሩ ለአንድ 500ኛ ሴኮንድ ብቻ ከተከፈተ ጠብታው 2 ሴንቲ ሜትር እንኳን ሳይሞላ ይወድቃል፣ ነጥብ መስሎ ይነሳል። ለአንድ 60ኛ ሴኮንድ ከተከፈተ ግን 15 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፣ ዝናቡ ክር ክር ሆኖ ይወጣል። የቱ እንደሚሻል የእናንተ ምርጫ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ አየሩ ከአቧራ ስለሚታጠብ ሩቅ ያለው ተራራ ቀርቦ ይታያል፤ እርጥብ ድንጋይና ቅጠልም ቀለማቸው ይደምቃል።

ምክሩን እንጣለው?

አይደለም። ስቶክሆልም ወይም ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች አብዛኛውን እንደተጻፈ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ የቀትሩን ማስጠንቀቂያ ከማንም በላይ ስሙት፤ ሰኔ ላይ ፀሐይ እዚያ 88 ዲግሪ ድረስ ትወጣለች፣ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ምክር «ለምን?» ብለን እንጠይቀው፤ መልሱ ስለ ፀሐይ ከፍታ፣ ስለ ደመና ወይም ስለ ቆዳ ከሆነ ወደ እኛ ቦታ እናስላው። እዚሁ ሰማይ ሥር የሠሩ ሰዎችን ፎቶም እንይ። አይዳ ሙሉነህ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

ነገሩን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አንድ ሜትር ዱላ በቂ ነው። ሰኔ 14 ገደማ፣ ደመናው ገለጥ ሲል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጥላው 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ የሚወድቀውም ወደ ደቡብ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ የቀትር ፀሐያችን በሰሜን በኩል ናትና። ታኅሣሥ ላይ ድገሙት፤ ጥላው 63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ሰሜን ዞሮ ታገኙታላችሁ። ለንደን ውስጥ ይሄ ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። «ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት» የሚል ምክር ስታነቡ ጸሐፊው የትኛው ሰማይ ሥር እንደቆመ በዚህ ታውቃላችሁ።